መሐላ፣ ቀለብና ዐዋጅ፤ የመንግሥት ሥልጣን በአገራችን እንዴት እንደ ጸናና እንዴት እንደ ተለወጠ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለውን ምሳሌ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማ ኢትዮጵያዊ በብዛት አይገኝም። ምሳሌው በአጭር ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው፣ ንጉሥን የሚዳኝ ችሎት የለም ማለቱ ነው። ሁለተኛው ከዚህ የሚከተል ነው፤ ይኸውም ችሎት ከሌለ ንጉሥ ከአልጋው የሚወርድበት የታወቀ መንገድ የለም ማለት ነው። ይሁን እንጂ ታሪካችንን ስንመረምር ነገሥታት ሲወርዱ፣ መንግሥታትም ሲለወጡ እናያለን። የጠላትን ወረራ ዘመን ሳንቆጥር፣ በ1909፣ በ1967 እና በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጧል፤ በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ተሞክሮ ሳይሳካ ቀርቷል።

እንግዲህ የማይከሰሰው ንጉሥ በምን ወረደ? ያልወረደውስ በምን ጸና? በዚህ ጽሑፍ ልንመልሰው የምንሞክረው ጥያቄ ይህ ነው። ሁሉን ዘመን ለመዳሰስ አልደፈርንም። የ1909ኙን ለውጥና እርሱን ተከትሎ እስከ 1923 ዓ.ም. የተደረገውን የሥልጣን አሰባሰብ ዋና ምሳሌ አድርገን፣ በ1953 እና በ1966 ዓ.ም. ከሆነው ጋር እናስተያየዋለን።

፩፣ ሦስቱ ማሰሪያዎች

መንግሥት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ቤተ መንግሥቱን፣ ዘውዱንና መድፉን ነው። ነገር ግን ቤተ መንግሥት ያለ ሰው ባዶ ግንብ ነው፤ መድፍም በራሱ አይተኩስም። ወታደሩ እንዲተኩስ፣ ገባሩ እንዲገብር፣ ጸሐፊውም ደብዳቤውን እንዲጽፍ የሚያደርገው ሰውን ከአለቃው ጋር ያሰረው ነገር ነው። እኛ እንደ ተመለከትነው እነዚህ ማሰሪያዎች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው መሐላ ነው። ቀድሞ መኳንንቱና ወታደሩ ለጌታቸው ታማኝ ለመሆን ይምሉ ነበር፤ መሐላውም በካህናት ፊት ሲሆን በግዝት ይጸና ነበር። መሐላውን ያፈረሰ ሰው ሹመቱን ብቻ ሳይሆን ነፍሱንም እንደሚያጣ ያምናል። ስለዚህ ጌታው ቢበድለው እንኳ ሰይፍ ከመምዘዙ በፊት «ከመሐላዬ ማን ይፈታኛል?» ብሎ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ቀለብ ነው። ወታደር በወር ደመወዝ ከመተዳደሩ በፊት የሚኖረው በማደሪያ መሬት፣ በተመራለት ገባርና ከጌታው ጎተራ በሚሰፈርለት እህል ነበር። ጌታው ከተሻረ ማደሪያው ለሌላ ይሰጣል። ስለዚህ «ጌታዬ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄና «ነገ ምን እበላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ለወታደሩ አንድ ነበሩ።

ሦስተኛው ዐዋጅ ነው። ዐዋጅ ስንል ነጋሪት ተጎስሞ የሚነገረውን ብቻ ሳይሆን፣ ሕዝብ ስለ መንግሥቱ የሚሰማውን የታመነ ወሬ ሁሉ ማለታችን ነው። የዚህ ማሰሪያ ጥብቀት ከአንድ ነገር ይታወቃል። ዳግማዊ ምኒልክ ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ በይፋ ሳይነገር ተሰውሮ ቆይቷል። ሕይወታቸው ቢያልፍም ስማቸው ገና አገር ያስር ነበርና።

የዚህ ጥናት አሳብ በአጭሩ ይህ ነው። መንግሥት የሚወድቀው ጥይት በተተኮሰ ጊዜ ሳይሆን እነዚህ ማሰሪያዎች በተፈቱ ጊዜ ነው፤ ጥይቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ቀድሞ የተፈታውን ለማረጋገጥ ነው።

፪፣ በ1909 ዓ.ም. መሐላው እንዴት ተፈታ?

ዳግማዊ ምኒልክ ሕመም በጸናባቸው ጊዜ የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን በግንቦት 1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ አድርገው በዐዋጅ አስታወቁ። ልጅ ኢያሱ የወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክና የወሎው ገዥ የራስ ሚካኤል ልጅ ናቸው። መኳንንቱ ማሉ፤ ዐዋጁም ከዳተኛውን በሚረግም ቃል ታሰረ። እንደራሴ ሆነው የተሾሙት ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በ1903 ዓ.ም. ሲሞቱ ሥልጣኑ ወደ ወጣቱ ልዑል እጅ ገባ።

ልጅ ኢያሱ ግን ሦስቱን ማሰሪያዎች አላጠበቁም። ዘውድ ሳይደፉና ቅብዓ መንግሥት ሳይቀበሉ ቆዩ። ከዋና ከተማው ርቀው በየአገሩ ሲዘዋወሩ ቤተ መንግሥቱ፣ ግምጃ ቤቱና የመሣሪያው ማከማቻ በምኒልክ ሹማምንት እጅ ቀረ። በ1906 ዓ.ም. አባታቸውን የወሎና የትግሬ ንጉሥ ብለው ማንገሣቸውም የሸዋን መኳንንት አስከፋ፤ ማደሪያችን ወደ ወሎ ሊሄድ ነው የሚል ሥጋት አደረባቸው። በ1908 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ደጃዝማች ተፈሪ መኰንንን ከአባታቸው ግዛት ከሐረር አንሥተው ወደ ከፋ ሾሟቸው። ከዚህ በላይ ዘመኑ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነበርና ልጅ ኢያሱ ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን ያዘነብላሉ ሲሉ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣልያ ሌጋሲዮኖች በመስከረም 1909 ዓ.ም. ለመንግሥቱ የተቃውሞ ጽሑፍ አቀረቡ።

ይህ ሁሉ ቅሬታ ቢከማችም መሐላው ገና አልተፈታም ነበር። ሴረኞቹ የተረዱትም ይህን ነው። ስለዚህ ክሱ ስለ ሹመት ወይም ስለ ግዛት ሳይሆን ስለ ሃይማኖት ሆነ፤ ልጅ ኢያሱ ሰልመዋል ተባለ። ልጅ ኢያሱ በምሥራቅ ካሉ ሙስሊሞች ጋር በጋብቻና በወዳጅነት መተሳሰራቸው እርግጥ ነው፤ ሃይማኖታቸውን ለውጠው ነበር የሚለው ክስ ግን እስከ ዛሬ በታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ አከራካሪ ነው። ለእኛ ጥናት የሚጠቅመው፣ ክሱ ለምን ሃይማኖታዊ መሆን እንዳስፈለገው መገንዘብ ነው። ንጉሥ የሃይማኖት ጠባቂ ሆኖ ይታይ ነበርና፣ ለእርሱ የተገባውን መሐላ ያለ ኀጢአት ሊያስፈታ የሚችለው ክስ ሃይማኖቱን ተወ የሚለው ነው። የማይከሰሰው ንጉሥ ሊከሰስ የቻለው በዚህች በር ብቻ ነበር።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል መኳንንቱና ካህናቱ በቤተ መንግሥት ተሰበሰቡ። ክሱ ተነበበ። አቡነ ማቴዎስ አስቀድሞ ቢያመነቱም በመጨረሻ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት። ወዲያው የምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ደጃዝማች ተፈሪም ራስ ተብለው አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። የጦር ሚኒስትሩ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ከለውጡ ጋር ስለ ተሰለፉ የመሐል ሰፋሪው ጦርና ግምጃ ቤቱም አብሮ ተሰለፈ። በአንድ ቀን መሐላው ተፈታ፣ ቀለቡ ተያዘ፣ ዐዋጁም ተነገረ።

ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን ዘውድ ለማስመለስ ከወሎ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ገሠገሡ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ በተደረገው ጦርነት ብዙ ሺህ ሰው ካለቀ በኋላ ተማረኩ። ሰገሌ የደም ፍርድ ነው፤ ነገር ግን ዘውዱ ከኢያሱ እጅ የወጣው በዚያ ሜዳ ላይ ሳይሆን ከአንድ ወር በፊት በቤተ መንግሥቱ ጉባኤ ነበር። ልጅ ኢያሱ ወደ አፋር በረሓ ሸሹ፤ በኋላም ተይዘው እስከ ሞቱበት እስከ 1928 ዓ.ም. ድረስ፣ በ1924 ዓ.ም. አምልጠው ለጥቂት ጊዜ ከመሰወራቸው በስተቀር፣ በግዞት ኖሩ።

፫፣ ከ1909 እስከ 1923 ዓ.ም.፤ ማሰሪያዎቹ በአንድ እጅ ሲሰበሰቡ

ከለውጡ በኋላ ሥልጣን በብዙ እጅ ተከፋፍሎ ነበር። ዘውዱ በንግሥት ዘውዲቱ፣ ጦሩ በፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ መሐላው በአቡነ ማቴዎስ፣ የውጭ ጉዳይና የአስተዳደሩ ብዙ ክፍል በራስ ተፈሪ እጅ ነበር። መንግሥት በማን እጅ እንዳለ ለመናገር በዚያን ጊዜ አስቸጋሪ ነበር። በመጋቢት 1910 ዓ.ም. መሐል ሰፋሪው ተነሥቶ ሚኒስትሮቹ እንዲሻሩ ባስገደደ ጊዜ ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀር ሚኒስትሮቹ ተሻሩ። ቀለብ የሚበላ ጦር ቀለብ ሰጪውን ሊያሽር እንደሚችል በዚህ ታየ።

ራስ ተፈሪ የሠሩት ሥራ እነዚህን የተበተኑ ማሰሪያዎች አንድ በአንድ መሰብሰብ ነበር። በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ የአልጋ ወራሹ አሳብ በዚህ መንገድ ለተማረው ሰው ይደርስ ነበር። በ1919 ዓ.ም. አቡነ ማቴዎስና ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በቀናት ልዩነት አረፉ። የመሐላው ጠባቂና የጦሩ አለቃ ባንድነት ሲያልፉ ራስ ተፈሪ ጊዜ አላጠፉም፤ የፊታውራሪውን ጦር ወደ ራሳቸው አዞሩት።

የቀለብን ኀይል ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው የደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ታሪክ ነው። የሲዳሞው ገዥ ደጃዝማች ባልቻ በ1920 ዓ.ም. ሲጠሩ ብዙ ጦር አስከትለው አዲስ አበባ መጡ። እርሳቸው በግብር ላይ ሳሉ፣ ሰፈር የቀረው ጦራቸው በገንዘብና በተስፋ ቃል ተበተነ፤ ግዛታቸውም ለሌላ ተሰጠ። ደጃዝማቹ ከግብር ሲመለሱ ያገኙት ባዶ ሰፈር ነው። በአድዋ ጀግንነታቸው የታወቁት ሰው ጥይት ሳይተኮስ ተሻሩ። ወታደሩ ደጃዝማቹን የጠላ አይመስለንም፤ «ነገ ምን እበላለሁ?» ለሚለው ጥያቄ ሌላ ሰው ቀድሞ መልስ ስለ ሰጠው ነው።

ራስ ተፈሪ መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው ዘውድ ደፉ። በ1922 ዓ.ም. የንግሥቲቱ የቀድሞ ባል ራስ ጉግሣ ወሌ ከበጌምድር ሲያምፁ ሦስቱ ማሰሪያዎች በአንድነት ሲሠሩ እናያለን። ጳጳሳቱ ዐመፀኛውን የሚያወግዝ ቃል አወጡ። ቃሉ በወረቀት ታትሞ በአውሮፕላን በራስ ጉግሣ ጦር ላይ ተበተነ፤ ቦምቡ የመጣው ከወረቀቱ በኋላ ነው። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ ራስ ጉግሣ ወደቁ። ከሁለት ቀን በኋላ ንግሥት ዘውዲቱ አረፉ፤ ንጉሥ ተፈሪም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው ተቀቡ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ ዘውዱ ከእርሳቸው ዘር እንዳይወጣ በጽሑፍ አሰረ።

፬፣ በ1953 ዓ.ም. ያልተፈታው ቋጠሮ

ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ነዋይና ወንድማቸው ግርማሜ ነዋይ መንግሥት ለመለወጥ ተነሡ። የጸጥታው ሹም ሌተና ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁና የፖሊሱ ኮሚሽነር ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ አብረዋቸው ነበሩ። ሚኒስትሮችና መሳፍንት ተያዙ፤ ሬዲዮ ጣቢያው ተያዘ፤ አልጋ ወራሹ መግለጫውን በሬዲዮ አነበቡ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎችም ሰልፍ ወጥተው ድጋፋቸውን ገለጡ።

ለላይኛው ተመልካች ሁሉ የተያዘ ይመስል ነበር። የተያዘው ግን ቤተ መንግሥቱና ሬዲዮው እንጂ ማሰሪያዎቹ አልነበሩም። ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስ ሕዝቡን ከመሐላው ከመፍታት ይልቅ ዐመፀኞቹን አወገዙ፤ ውግዘቱም በጽሑፍ ተበተነ። ሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻና ሜጀር ጄኔራል ከበደ ገብሬ ምድር ጦሩን በንጉሠ ነገሥቱ ስም ያዙት። ከክብር ዘበኛው ጋር ሲተያይ ይዞታው ዝቅ ያለ ነው ይባል የነበረው ይኸው ጦር ለዘበኛው አዛዦች የሚታዘዝበት ምክንያት አልነበረውም። ከሁሉ የሚያስደንቀው፣ ለብዙዎቹ የክብር ዘበኛ ወታደሮች የተነገራቸው ለንጉሠ ነገሥቱ እንደሚዋጉ ነበር መባሉ ነው። ይህ እውነት ከሆነ፣ ዐመፀኞቹ ራሳቸው መሐላውን እንዳልፈቱት ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ታኅሣሥ 8 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመለሱ። ከዚያ በፊት ግን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የተያዙት መኳንንትና ሚኒስትሮች፣ ራስ አበበ አረጋይና ራስ ሥዩም መንገሻ ጭምር፣ በጥይት ተደብድበው ነበር። ያ ቤተ መንግሥት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይገኝበታል። የመንግሥትን ለውጥ የሚያጠና ተማሪ መጽሐፍ የሚያገላብጠው፣ ለውጡ ከከሸፈበት አዳራሽ አጠገብ ነው።

፭፣ በ1966 ዓ.ም. ቀስ በቀስ የተፈታው

ከ1953 ዓ.ም. በኋላ ዙፋኑ ይበልጥ የጸና መስሎ ነበር፤ ሁሉ ነገር ግን በአንድ ሽማግሌ እጅ ታስሮ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በ1966 ዓ.ም. ሰማንያ ዓመት አልፏቸው ነበር፤ አልጋ ወራሹም በ1965 ዓ.ም. በጠና ታመው ወደ ውጭ አገር ሄደው ነበር። ማሰሪያዎቹን ማን እንደሚረከብ የሚያውቅ አልነበረም።

የመጀመሪያው የተፈታው ማሰሪያ ቀለብ ነው፤ ይኸውም እንደ ቃሉ ነው። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ስለ ምግቡና ስለ መጠጥ ውሃው መበላሸት አምፆ መኮንኖቹን ያዘ። ጉዳዩን እንዲመለከቱ የተላኩትን ጄኔራልም ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውን እንዲጠጡ አደረጋቸው። በየካቲት ዐመፁ ወደ ደብረ ዘይትና ወደ አሥመራ ተዛመተ፤ በከተማው መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔም ሥልጣኑን ለቀቀ።

መሐላው የተፈታበት አኳኋን ከ1909ኙ ልዩ ነው። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የጦር ኃይሎች፣ የፖሊስና የብሔራዊ ጦር አስተባባሪ ኮሚቴ፣ ማለት ደርግ፣ ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ነኝ እያለ ሹማምንቱን አንድ በአንድ አሰረ። መሐላውን ማንም በጉባኤ አልፈታውም፤ ቃሉ በአፍ እየተነገረ ሥራው ከውስጥ አለቀ።

በመጨረሻ የተፈታው ዐዋጅ ነው። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በቴሌቪዥን የወሎ ረኀብተኞች ሥዕል ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር እየተፈራረቀ ታየ። ተሰውሮ የነበረው ረኀብ በየቤቱ ገባ። በማግሥቱ የሥልጣን መውረጃው ቃል ተነበበላቸውና ንጉሠ ነገሥቱ በትንሽ ቮልስዋገን ከቤተ መንግሥታቸው ተወሰዱ። የተከላከለላቸው ጦር አልነበረም።

፮፣ ማጠቃለያ

ከላይ ከተገለጠው ሦስት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ቤተ መንግሥትንና ሬዲዮን መያዝ መንግሥትን መያዝ አይደለም። በ1953 ዓ.ም. ሁለቱም ተይዘው ለውጡ ከሸፈ፤ በ1967 ዓ.ም. ግን የንጉሠ ነገሥቱ መወሰድ ቀድሞ ላለቀ ሥራ መደምደሚያ ብቻ ነበር። ሁለተኛ፣ ማሰሪያዎቹን ሁሉ በአንድ እጅ መሰብሰብ መንግሥትን ያጸናል፤ ነገር ግን እጁ ሲደክም ሁሉም ባንድነት ይላላሉ። የ1923 ዓ.ም. ጥንካሬ የ1966 ዓ.ም. ድካም ምክንያት ሆኗል ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ለውጡ የታወቀ መንገድ ስለሌለው ዋጋው በደም ይከፈላል። ሰገሌ፣ ገነተ ልዑል፣ ከዚያም ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የተረሸኑት ስድሳ ያህል ባለሥልጣኖችና መኮንኖች የዚህ ምስክር ናቸው። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ክስ ሳይሰሙና መልስ ሳይሰጡ ተገደሉ። «ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ምሳሌ ለንጉሡ ጋሻ ይመስላል፤ የኋላ ኋላ ግን የማይከሰስ ሰው የማይሟገት ሰውም መሆኑ ታየ። ችሎት ያልነበረው ለከሳሹ ብቻ ሳይሆን ለተከሳሹም ነበር።

ምሳሌው በአገራችን የተሻረው ዘግይቶ ነው። ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ባለሥልጣኖቹ ለፍርድ ቀረቡ፤ ብዙ ዓመት ከፈጀ ክርክር በኋላ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ወደ ዚምባብዌ የሸሹትን ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምን በሌሉበት፣ ከብዙ ጓዶቻቸው ጋር፣ በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኞች አላቸው። ስለዚህ ገዥ ሊከሰስ እንደሚችል ታውቋል። የተከሰሰው ግን ከወንበሩ ከወረደ በኋላ ነው። በወንበሩ ላይ ሳለ የሚጠየቅበት፣ ጊዜው ሲደርስም በሰላም አስረክቦ ወደ ቤቱ የሚሄድበት መንገድ ካልጸና በቀር፣ መሐላው በተንኮል፣ ቀለቡ በጉቦ፣ ዐዋጁም በሐሰት መፈታቱ አይቀርም። የመንግሥት ጥናት ለተማሪ የሚያስፈልገውም ያለፈውን ለመቍጠር ብቻ ሳይሆን፣ የሚመጣው ለውጥ ሌላ ሰገሌ እንዳያስከትል ለማሰብ ጭምር ነው።